ደብዳቤው መዝገብ ቤት ቀረ፤ ልጆቹስ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ሙያና ሥራ

ለዚህ እትም አራት ደብዳቤዎች መርጫለሁ። አንዷ ጠያቂ የኮሌጅ አስተባባሪ ናት፣ ሁለተኛው ባለ ጋራዥ፣ ሦስተኛዋ እናት፣ አራተኛው ሰልጣኝ። አራቱም የሚጠይቁት ስለ ትብብር ስልጠና ነው። ጉዳዩን ለማያውቁት ባጭሩ ላስረዳ፦ በቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ የሚማር ልጅ ከፊሉን ሙያ በኮሌጁ፣ የሚበዛውን ደግሞ በሥራ ቦታ እንዲማር የታሰበ አሠራር ነው። «30 በመቶ በተቋም፣ 70 በመቶ በድርጅት» ሲባል የምትሰሙት ይህንን ነው። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የቴክኒክና ሙያ ትምህርትና ስልጠና አዋጅ ቁጥር 954 አሠራሩን በሕግ ደግፎታል። ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ ዘርፉን የሚመራው የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ነው።

እኔ 14 ዓመት የማሽን ሥራ አሰልጣኝ፣ 11 ዓመት ደግሞ የትብብር ስልጠና አስተባባሪ ሆኜ ሠርቻለሁ። የምመልሰው ከዚያ ተነሥቼ ነው።

*

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። በአንድ የክልል ከተማ ኮሌጅ የትብብር ስልጠና አስተባባሪ ሆኜ ከተመደብኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነው። ዘንድሮ ለ63 ድርጅቶች ደብዳቤ ጽፈን የመለሱልን 9 ብቻ ናቸው። ከእነሱም አራቱ «ቦታ የለንም» ነው ያሉት። የመግባቢያ ሰነድ ከተፈራረምናቸው ፋብሪካዎች እንኳ የበሩ ጥበቃ ይመልሰናል። ሰልጣኞቼ ቤታቸው ተቀምጠዋል። ዲናችን ደግሞ ሪፖርት ይጠይቁኛል። ከየት ልጀምር? ልጅዎ።

መልስ፦ ልጄ፣ 63 ደብዳቤ አጽፎ፣ አስፈርሞ፣ ማኅተም አስመትቶ ማድረስ ምን ያህል እግር እንደሚያቀጥን አውቀዋለሁ። እስቲ አንዱን ደብዳቤ ተከተይው። መዝገብ ቤት ገባ፣ ቁጥር ተሰጠው። ሥራ አስኪያጁ «ለሰው ኃይል» ብሎ መራው፣ የሰው ኃይል ኃላፊው «ለምርት ክፍል» ብሎ መራው፣ እዚያ ፋይል ውስጥ ተኛ። ማሽኑ አጠገብ የሚቆመው፣ ልጁን በእጁ ይዞ የሚያሳየው ሰው ግን ደብዳቤውን አላየውም። ሐሳቡንም የጠየቀው የለም።

አባቴ በድሬዳዋ የባቡር ወርክሾፕ የቶርኖ (ብረት እያሽከረከረ የሚልግ ማሽን) ሠራተኛ ነበር። ባቡሩ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነው፤ ከተማዋም የተወለደችው ከባቡሩ ነው፤ በእኛ ልጅነት ሙያ ሲባል ቀድሞ የሚታሰበን ያ ግቢ ነበር። አባቴ ሲገባ ያስተማሩት አንድ አዛውንት ናቸው። በመጀመሪያዎቹ ወራት ማሽኑን አላስነኩትም። አጠገባቸው አቁመው «ድምፁን ስማ» ይሉት ነበር። ስለቱ ሲደነዝዝ የሚላገው ብረት ይጮኻል፣ ሥራው በደንብ ሳይታሰር ሲቀር ይንቀጠቀጣል፣ ሲስተካከል ደግሞ ድምፁ ይለሰልሳል። አባቴ ጡረታ ከወጣ በኋላ እንኳ በአንድ ወርክሾፕ ደጃፍ ስናልፍ ቆም ብሎ «ስለቱን አልሳለውም» ይለኝ ነበር። እኔ ይህንን ሰሌዳ ላይ ልጽፈው ሞክሬ አውቃለሁ። አይጻፍም። ልጆቻችንን ወደ ሥራ ቦታ የምንልክበት ምክንያት ይኸው ነው።

አሁን የራሴን ጥፋት ልንገርሽ። አስተባባሪ በሆንኩበት የመጀመሪያ ዓመት 40 ሰልጣኞችን በአንድ ደብዳቤ ወደ አንድ ፋብሪካ ላክሁ። ተቀበሉን። እኔም ሪፖርቴ ላይ «40 ሰልጣኞች ተመድበዋል» ብዬ ጽፌ ተደሰትኩ። በሦስተኛው ሳምንት ልጎበኛቸው ስሄድ 31ዱ ማሸጊያ ክፍል ካርቶን ያጥፋሉ፣ አምስቱ ግቢ ያጸዳሉ፣ አራቱ ጭራሽ ቀርተዋል። ጥገና ክፍል የገባ አንድም ልጅ አልነበረም። የጥገናውን ፎርማን ፈልጌ አገኘሁት። እጁን በጨርቅ እየጠረገ ሰማኝና «አርባ ልጅ መምጣቱን የነገረኝ የለም» አለ። ቀጥሎም «ሁለት ብትሰጠኝ አስተምር ነበር» አለኝ።

«ሁለት» ያለኝ ቁጥር እስከ ጡረታዬ አብሮኝ ኖረ። አንድ ባለሙያ ሥራውን ሳያጓድል ሁለት ልጅ ይይዛል። ሦስተኛው ሲጨመር አንዱ ቆሞ የሚያይ ይሆናል፣ አራተኛው ስልኩን ያወጣል። ስለዚህ ቦታ ስትቆጥሪ ድርጅት አትቁጠሪ፤ ባለሙያ ቁጠሪ። ሦስት ጥሩ መካኒክ ያለበት ጋራዥ ስድስት ቦታ ነው። አምስት መቶ ሠራተኛ ያለው ፋብሪካ ጥገና ክፍሉ ውስጥ ማስተማር የሚወዱት አራት ሰዎች ብቻ ከሆኑ ስምንት ቦታ ነው ያለሽ፤ በዚያ ላይ አንድም ልጅ አትጨምሪ።

ለዚህ ሁለት ሳምንት በእግርሽ መዞር ያስፈልግሻል። ዲንሽን አስፈቅጂ፤ ደብተር ያዢ፤ ሥራ አስኪያጁን ሰላም ብለሽ ወደ ውስጥ ዝለቂ። ለባለሙያው ሦስት ነገር ብቻ ጠይቂው፦ አሁን ምን ዓይነት ሥራ ነው የሚገባላችሁ? በየትኛው ወር ነው ሥራ የሚበዛባችሁ? ባለፈው የመጣው ሰልጣኝ ያቃተው ምን ነበር?

ሦስተኛው ጥያቄ ብዙ ያስተምርሻል። እኔን ያስተማረኝን ልንገርሽ። አንድ ባለ ወርክሾፕ «የእናንተ ልጆች ካሊፐር ማንበብ አይችሉም» አለኝ። ተቆጣሁ፤ ካሊፐር፣ የብረት ውፍረት የሚለካበት፣ እኮ የመጀመሪያ ወር ትምህርታችን ነው። ተመልሼ የራሴን ክፍል ፈተንኩ። በሥዕል ላይ ሁሉም ያነባሉ። ትኩስ ብረት ከማሽኑ አውጥቼ «ለኩ» ስላቸው፣ እስከ 0.02 ሚሊ ሜትር የሚለየውን መለኪያ ይዘው ከአሥሩ ሰባቱ የተለያየ ቁጥር ነገሩኝ። መጀመሪያ ነገር፣ ትኩስ ብረት አይለካም፤ ሲበርድ ይቀንሳል። ይህንን የነገራቸው ሰው አልነበረም።

ሌላው ደግሞ ቋንቋ ነው። ይህን ጉዳይ ማንም ሪፖርት ላይ አይጽፈውም፣ እኔ ግን ብዙ ልጅ ሲያሳፍር አይቻለሁ። በኮሌጅ የምናስተምረው በእንግሊዝኛ መጽሐፍ ነው፤ ልጁ ስክሪው ድራይቨር፣ ቫይስ፣ ድሪል፣ ቤሪንግ እያለ ይመረቃል። ወርክሾፑ ግን ከጣሊያን ዘመን የወረሰውን ስም ይዞ ነው ያለው፦ ካቻቢቴ፣ ሞርሳ፣ ትራፓኖ፣ ኩሽኔታ። ጋራዥ ከሆነ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ሞተሪኖ (ሞተር ማስነሻው)፣ ካንዴላ። ፎርማኑ መኪና ሥር ተኝቶ እጁን ዘርግቶ «ካቻቢቴ!» ሲል ልጁ ቆሞ ያየዋል። ፎርማኑ በልቡ «ይሄ ምንም አያውቅም» ይላል። ልጁ ደግሞ የሚያውቀውን ዕቃ በስሙ ምክንያት ሳያቀብል ይቀራል፤ ከዚያ ቀን በኋላ ወደ ኋላ ይሸሻል። ከ50 የማይበልጡ ቃላት ናቸው። አንድ ቀን ይበቃል፤ አንድ የከተማሽን አንጋፋ መካኒክ ጋብዢና ዕቃውን እያነሡ ስሙን ይንገሯቸው።

ስለዚህ ልጆቹን ከመላክሽ በፊት የአንድ ሳምንት ዝግጅት ይኑርሽ። መለካት፣ የዕቃ ስም፣ ጠዋት በሰዓቱ መድረስ፣ ከማሽኑ ፊት የላላ እጅጌና የተንጠለጠለ ፀጉር አለመኖር፤ ቶርኖ ላይ ጓንት እንደማይደረግም ጭምር፣ ምክንያቱም የሚሽከረከረው ብረት ጓንቱን ከነእጁ ይስበዋል። ባለሙያው በመጀመሪያው ቀን «ይሄ ልጅ ተዘጋጅቶ ነው የመጣው» ካለ ቀሪው ይቀላል።

ስለ ወር የጠየቅሽውንም ዋጋ ስጪው። እኛ ሁሉንም ሰልጣኝ በአንድ ወር እንልካለን፤ የእኛ መርሐ ግብር ስለሚል። ልብስ ሰፊዎች እጅ የሚያንሳቸው ሐምሌና ነሐሴ ነው፣ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ሲሰፋ፤ ኮሌጁ ያን ጊዜ ተዘግቷል። ሆቴሎች በጥርና ከፋሲካ በኋላ ባለው የሠርግ ወቅት ሰው ይፈልጋሉ። ግንባታው ዝናብ ካባራ በኋላ ነው ጉልበት የሚያገኘው። ጋራዦች ከበዓላት በፊት መኪና ይሞላባቸዋል። እኛ ልጆቹን የምንልከው ሥራ በቀዘቀዘበት ወር ከሆነ ባለቤቱ «ለእኔም የለኝ» ቢል እውነቱን ነው። በየክፍሉ በተለያየ ጊዜ መላክ ለሬጅስትራር ራስ ምታት እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግን አንድ ክፍል፣ የልብስ ስፌቱን ብቻ፣ ዘንድሮ በክረምት ሞክሪው።

ክትትሉን በተመለከተ፣ አንቺ ብቻ አትሂጂ፤ አሰልጣኙ ራሱ ይሂድ። በሁለት ሳምንት አንድ ጊዜ ሄዶ የሰልጣኙን ሎግ ቡክ (የየቀኑ ሥራ የሚመዘገብበትን ደብተር) እዚያው ከባለሙያው ጋር ያንብብ። አሰልጣኙም ይማራል። እኔ የማውቀው አንድ የአውቶ አሰልጣኝ ለዓመታት ካርቡሬተር (የድሮ መኪና ነዳጅ ማደባለቂያ) ሲያስተምር ኖሮ፣ ልጆቹን ሊጎበኝ በሄደበት ጋራዥ ስካነር ተሰክቶ ብልሽት ሲነበብ አየ። አላፈረም፣ «አሳየኝ» አለ። ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄደ ሦስት ወር ተማረ። በሚቀጥለው ዓመት ክፍሉ ውስጥ የተለየ ሰው ሆኖ ነበር።

የመግባቢያ ሰነዱን አትጣይው፤ በር ላይ ጥበቃው ሲመልስሽ ይጠቅምሻል። ለዲንሽ በምታቀርቢው ሪፖርት ላይ ግን «ይህን ያህል ሰልጣኝ ተመደበ» ከሚለው ሥር አንድ መስመር ጨምሪ፦ ስንቱ ልጅ የትኛውን ሥራ በራሱ እጅ ሠራ። እሳቸውም ያንን ቁጥር ካዩ በኋላ የመጀመሪያው አይበቃቸውም።

*

ጥያቄ፦ እኔ ባለ ጋራዥ ነኝ፤ አዳማ። ባለፈው ዓመት አንድ ኮሌጅ ስድስት ልጅ ላከብኝ፣ ለሁለት ወር። አንደኛው የደንበኛ መኪና ሞተሪኖ አቃጠለብኝ፣ ከኪሴ ከፈልኩ። ሥራ መልመድ ሲጀምሩ ደግሞ «ጊዜው አልቋል» ተብለው ሄዱ። ዘንድሮ ደብዳቤ ይዘው መጡ፣ መለስኳቸው። አጠፋሁ? እኔስ ከዚህ ምን እጠቀማለሁ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ አላጠፉም። ጉዳትዎ እውነተኛ ነው፣ ምክንያትዎም እውነተኛ ነው። ጥያቄዎ ደግሞ ኮሌጆች ሊሰሙት የሚገባ ስለሆነ እንዳለ አትሜዋለሁ።

ሒሳቡን አብረን እናየው። አዲስ ልጅ ሲመጣ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ኪሳራ ናቸው። መካኒክዎ ሥራውን አቁሞ ያሳየዋል፣ ልጁ ያበላሻል፣ ቦልት ይቆርጣል፣ ሞተር አልነሣ ሲለው ቁልፉን ይዞ እየቆየ ሞተሪኖ ያቃጥላል። ከሁለት ሦስት ወር በኋላ ጎማ ማውረድ፣ ፍሬን ሸራ መቀየር፣ ዘይትና ፊልትሮ መለወጥ ያለ ጠባቂ ይሠራል። ትርፉ የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው። በሁለት ወር የሚያልቅ ምደባ ኪሳራውን ለእርስዎ ትቶ ትርፉ ሊጀምር ሲል ልጁን ይወስደዋል። ጀርመኖች ሰልጣኙን ከ2 ዓመት እስከ 3 ዓመት ተኩል በአንድ ድርጅት የሚያቆዩት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ድርጅቱ ለሰልጣኙ በየወሩ ይከፍላል፣ መጨረሻ ላይ የሚፈትኑት ደግሞ የንግድና የእደ ጥበብ ምክር ቤቶቹ ናቸው፣ ማለትም ድርጅቶቹ ራሳቸው አባል የሆኑባቸው ተቋማት። እኛ ያንን ሁሉ ዛሬ አንችልም፤ ጊዜውን ማርዘም ግን እንችላለን።

ስለዚህ ዘንድሮ ሲመጡ አይመልሷቸው፣ ቅድመ ሁኔታ ይስጧቸው። ስድስት አልቀበልም፣ ሁለት እቀበላለሁ ይበሉ። እኔ ራሴ እመርጣለሁ ይበሉ፤ አምስት ልጅ ለሦስት ቀን ያምጡና ጠዋት ማን ቀድሞ እንደሚመጣ፣ ዕቃ ተጠቅሞ ወደ ቦታው የሚመልሰው ማን እንደሆነ ይዩ። ከስድስት ወር በታች አልቀበልም ይበሉ። ዕቃ ቢበላሽ ማን እንደሚከፍል፣ ልጁ ቢጎዳ ማን እንደሚያሳክም፣ የምሳና የትራንስፖርት ነገር እንዴት እንደሚሆን እርስዎ፣ ኮሌጁና ሰልጣኙ (ዕድሜው ካልደረሰ ወላጁ) በምትፈርሙበት ወረቀት ላይ ይጻፍ። ባለፈው ዓመት እንዲህ ያለ ወረቀት ቢኖር ኖሮ ስለ ሞተሪኖው ከኮሌጁ ጋር የምትነጋገሩበት ነገር ይኖር ነበር።

«ምን እጠቀማለሁ» ላሉት ደግሞ፣ ከኮሌጁ ሦስት ነገር ይጠይቁ፤ አያፍሩ።

የመጀመሪያው የሠራተኞችዎ ወረቀት ነው። ጋራዥዎ ውስጥ 20 ዓመት የሠራ፣ ሞተር በድምፁ የሚያውቅ፣ ግን አንድ የምስክር ወረቀት የሌለው ሰው እንዳለ እርግጠኛ ነኝ። የብቃት ምዘና፣ ሰዉ ሲኦሲ የሚለው፣ ሙያውን የት ተማርክ ብሎ አይጠይቅም፤ ትችላለህ ወይ ነው የሚለው። ኮሌጁ ለእነዚህ ሰዎች የምዘናውን መንገድ ያሳይ፣ የጎደላቸውን የወረቀት ዕውቀት በማታ ያስተምር። አንድ ጊዜ እንዲህ አድርገን የ51 ዓመት ሰው ብቁ ተብሎ ወረቀቱን ሲቀበል ከነቤተሰቡ ነበር የመጣው። ያ ጋራዥ ከዚያ በኋላ ሰልጣኝ ከልክሎን አያውቅም።

ሁለተኛው ማሽን ነው። ብዙ ኮሌጆች ፍሬዛ (ማርሽ የሚቆረጥበት ማሽን) እና ሌላ ውድ ማሽን አላቸው፣ የዓመቱን ግማሽ ተሸፍኖ ይውላል። እርስዎ ደግሞ ገበያ ላይ የጠፋ ማርሽ ፍለጋ አዲስ አበባ ሰው ይልካሉ። ሥራው ወደ ኮሌጁ ይሂድ፣ አሰልጣኙና ሰልጣኞቹ እውነተኛ ማርሽ ይቁረጡ። ኮሌጆች ለጥቃቅንና አነስተኛ ድርጅቶች እንዲህ ያለ ድጋፍ እንዲሰጡ የኢንዱስትሪ ኤክስቴንሽን የሚባል ተግባር ተሰጥቷቸዋል፤ ስሙን ጠርተው ይጠይቁ።

ሦስተኛው የኤሌክትሪክ መኪና ነው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ደጅዎ ላይ የሚቆመው መኪና እየተለወጠ ነው። ካንዴላ የለውም፣ ፍሪሲዮን የለውም፣ ያለው በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት የያዘ ባትሪ ነው፤ ሳያውቅ የነካው ሰው ሊሞት ይችላል። በዚህ ላይ ጋራዡም ኮሌጁም ጀማሪ ናቸው፣ አንዱ ሌላውን የሚንቅበት ነገር የለም። ኮሌጁ የኤሌክትሪክ አሰልጣኝ አለው፣ እርስዎ መኪናው አለዎት። ጥሩውን መካኒክዎን ከኮሌጁ የኤሌክትሪክ አሰልጣኝ ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጧቸው። ይህንን አሁን ካልጀመርን ከአምስት ዓመት በኋላ የሚላክልዎት ልጅም፣ የሚቀበለው መካኒክም እኩል ይቸገራሉ ብዬ ከልቤ እፈራለሁ።

*

ጥያቄ፦ ልጄ 17 ዓመቱ ነው። ኮሌጁ ለትብብር ስልጠና ብሎ ወደ አንድ የብረታ ብረት ወርክሾፕ ልኮታል። እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ያሠሩታል። ሲጠርግ ይውላል፣ ሻይ ያመጣል፣ አልፎ አልፎ ብየዳ ያስይዙታል። ባለፈው ሳምንት ሌሊት ዓይኑ አብጦ፣ እንባው እየወረደ፣ ሲጮኽ አደረ። ጎረቤት ድንች ቆርጠሽ አድርጊበት አለችኝ። ቢያቋርጥ ይሻላል?

መልስ፦ እናቴ፣ መጀመሪያ ዓይኑን። የብየዳ ብርሃን ያለ መከላከያ ያየ ዓይን ሌሊት ላይ አሸዋ የተሞላ ያህል ያቃጥላል። ድንቹን ይተዉት፣ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት፤ እስኪድን ብየዳ አጠገብ አይድረስ። ሲመለስም ፊቱን የሚሸፍን የብየዳ ማስክ ከሌለው አይበይድ። ብዙ በያጅ በፀሐይ መነጽር ሲሠራ ታያላችሁ፤ የፀሐይ መነጽር አይከላከልም። ለተለመደው የኤሌክትሮድ ብየዳ ጥቁረቱ 10 ወይም 11 ቁጥር የሆነ የብየዳ መስታወት ያስፈልጋል። ወርክሾፑ ካልሰጠው ኮሌጁ ሰጥቶ መላክ ነበረበት።

ሰዓቱን በተመለከተ፣ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 እስከ 18 ዓመት ያለን ወጣት በቀን ከ7 ሰዓት በላይ ማሠራትን ይከለክላል፤ የትርፍ ሰዓት ሥራም አይፈቀድለትም፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓትም አይሠራም። ልጅዎ ለመማር የሄደ ሰልጣኝ ነው፤ ከተቀጠረ ወጣት በላይ ሊሠራ የሚገባበት ምክንያት የለም። ጠዋት 2 ሰዓት ገብቶ ማታ 3 ሰዓት የሚወጣ ከሆነ አሁኑኑ መቆም አለበት።

መጥረግን በተመለከተ ግን ከእርስዎ ትንሽ እለያለሁ። ወርክሾፕ ሁሉም ይጠርጋል፣ ባለሙያውም ጭምር፤ የሥራ ቦታን ንጹሕ መያዝ የሙያው ክፍል ነው። የሚለየው መጠኑ ነው። ሎግ ቡኩን ይጠይቁትና አብራችሁ ተቀመጡ። የየቀኑ ሥራ ተጽፎበታል? ባለሙያው ፈርሞበታል? በአንድ ወር ውስጥ ላሜራ ቆርጧል፣ ለክቷል፣ ገጥሟል? ባዶ ከሆነ ወይም በአንድ ቀን በአንድ እስክሪብቶ ተሞልቶ ካዩት፣ ይዘውት ወደ አሰልጣኙ ይሂዱ። ወደ ወርክሾፑ ብቻዎን ሄደው አይጣሉ፤ ጸቡ ልጁ ላይ ያርፋል። አሰልጣኙ አብሮ ሄዶ ይነጋገር። በሁለት ሳምንት ካልተስተካከለ ቦታው ይቀየር እንጂ ስልጠናው አይቋረጥ። ልጅዎ ያን ሁሉ ሰዓት ቆሞ ሳይቀር የመጣ ልጅ ነው፤ ጥሩ ባለሙያ አጠገብ ቢቆም ይደርሳል።

*

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ በአንድ ወረዳ ከተማ በኤሌክትሪክ ደረጃ 3 ሰልጣኝ ነኝ። ከተማችን ውስጥ አንድም ፋብሪካ የለም። መምህራችን «ራሳችሁ ቦታ ፈልጉ» ብሎናል። ጓደኞቼ ማኅተም ብቻ አስመትተው ቤታቸው ሊቀመጡ ነው። እኔ መማር እፈልጋለሁ፤ የት ልሂድ?

መልስ፦ ልጄ፣ «መማር እፈልጋለሁ» ያልከው ደስ አሰኝቶኛል። የማኅተሙን ነገር ተወው፤ ምዘናው ቀን እጅህን ነው የሚያዩት።

ፋብሪካ የለም ስትል ሞተር የለም ማለትህ ከሆነ ዙሪያህን እንደገና ተመልከት። የወረዳው ውሃ ጽሕፈት ቤት ጉድጓድ ውስጥ የወረደ ፓምፕ አለው፣ መቆጣጠሪያ ሳጥን አለው፣ እሱ ሲበላሽ ከተማው ይጠማል። ጤና ጣቢያው ጄኔሬተርና የክትባት ማቀዝቀዣ አለው። የብሎኬት ማምረቻ አለ። ገበሬዎች በመስኖ ፓምፕ የሚያለሙበት ቀበሌ ይኖራል። የቡና አገር ከሆነ እሸት ቡና መፈልፈያ አለ። በየትኛውም ወረዳ ደግሞ ወፍጮ ቤት አለ።

ወፍጮ ቤቱን ምረጥ ብል ደስ ይለኛል፤ ምክንያቱን ልንገርህ። የወፍጮ ሞተር ብዙውን ጊዜ ባለ ሦስት ፌዝ ነው፤ ኃይሉ በሦስት መስመር ይመጣለታል። አንዱ ፌዝ ሲጠፋ ሞተሩ ያጓራል፣ ጉልበት ያጣል፣ ይግላል፤ በጊዜው ያልጠፋ እንደሆነ ጥቅልሉ ይቃጠላል። የተቃጠለ ሞተር ለማስጠቅለል ባለ ወፍጮው ብዙ ብር ይከፍላል፣ ከክፍያው በላይ ደግሞ ወፍጮው ቆሞ የሚውልባቸው ቀናት ይጎዱታል፣ እናቶችም እህል ተሸክመው ሌላ ቀበሌ ይሄዳሉ። አንተ የተማርከው ኦቨርሎድ ሪሌ፣ ሞተሩ ከልኩ በላይ ሲጫን የሚያጠፋው፣ ልኩን ጠብቆ ከተገጠመና ከተሞከረ ይህ አብዛኛውን ጊዜ አይደርስም። ብዙ ቦታ ግን ሪሌው «ያስቸግራል» ተብሎ በሽቦ ታልፏል፣ ወይም ልኩ ከሞተሩ በላይ ተደርጓል።

እኔ አስተባባሪ ሳለሁ አንዲት የኤሌክትሪክ ሰልጣኝ እንዳንተ ፋብሪካ በሌለበት ከተማ ወጥታ ነበር። አራት ወፍጮ ቤቶችን በየተራ ይዛ ሠራች። በየአንዳንዱ የሞተሩን ስም ሰሌዳ አንብባ አምፔሩን ጻፈች፣ ሽቦውን ሳይቆርጥ አምፔር በሚለካው ክላምፕ ሜትር ለካች፣ የሦስቱን ፌዝ ልዩነት መዘገበች፣ የላሉ ማሰሪያዎችን አጠበቀች። በአንደኛው ወፍጮ ቤት ሪሌው በሽቦ መታለፉን አገኘችና ለባለቤቱ አሳየችው፤ እሱም አዲስ አስመጥቶ እሷ ገጠመችው፤ አሰልጣኟ መጥቶ ካየው በኋላ ነው የተለቀቀው። አንተም ይህንን ጠብቅ፦ መብራቱ ከዋናው ማብሪያ ሳይቋረጥ፣ በቴስተር ሳታረጋግጥ ሳጥን አትክፈት፤ ብቻህንም አትክፈት።

መምህርህን ደግሞ አንድ ነገር ለምነው፤ ቦታ የመፈለጉን ሥራ ሁሉ ለእናንተ ቢተወውም በወር አንድ ቀን መጥቶ ሥራህን ይይልህ፤ በሎግ ቡክህ ላይም ባለ ወፍጮው ከፈረመ በኋላ እሱም ይፈርምበት። ያገኘኸውን የአምፔር መዝገብ አሳየው። የሌሎቹን ልጆች ልብ የሚመልሰው ምናልባት የአንተ ደብተር ይሆናል።

ባለ ወፍጮውን ልታነጋግር ስትሄድ የገበያ ቀን አትሂድ፤ ሰው ተሰልፎ፣ ዱቄቱ ተነሥቶ፣ ማንም አይሰማህም። በማግስቱ ጠዋት ሂድ። ያን ጊዜ ድንጋዩን አውርዶ ሲወቅር ታገኘዋለህ። አጠገቡ ቁጭ በልና መጀመሪያ ሞተሩ ስንት ጊዜ እንደተቃጠለበት ጠይቀው።